ከመነዳሪ የሌለው የሞተር ብስክሌት ጎማ ሲበሳ

ሞተር ብስክሌት የሚሄደው በሁለት ጎማ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ደግሞ የሰው መዳፍ በሚያክል ስፍራ ብቻ ነው። ነጂው፣ ከኋላው የተፈናጠጠው ሰው፣ የተጫነው ጆንያ፣ ሁሉም የሚያርፈው በእነዚህ መዳፍ በሚያካክሉ ሁለት ስፍራዎች ላይ ነው። መኪና አንድ ጎማው ቢተነፍስ በሦስቱ ተደግፎ ጥግ ይይዛል። ሞተር ግን አንዱ ሲተነፍስበት የሚደገፍበት የለውም። የሞተር ጎማ ጥገና ከመኪናው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

በገጠር የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው፣ በከተማ ዕቃ አድራሹ በሞተር ይሠራል። በብዙ ከተሞች ሰው በሞተር ተፈናጥጦ ገበያ ይውላል፤ ታማሚም በሞተር ሐኪም ቤት ይደርሳል። ዛሬ በመንገድ ላይ ከምናያቸው ሞተሮች ብዙዎቹ በውስጡ ከመነዳሪ የሌለው፣ በተለምዶ ‹ቱብለስ› የሚባለውን ጎማ ያደረጉ ናቸው። ጎማው ተለውጧል፤ የጥገናው ልማድ ግን በብዙ ቦታ የድሮው ነው። ጉዳት የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጎማ ሲበሳ መንገድ ላይ ምን እንደሚደረግ፣ ጎሚስታ ቤት ምን መደረግ እንዳለበት፣ ጨርሶ የማይጠገነው የትኛው እንደሆነ እንመለከታለን።

ነፋሱን የሚይዘው ምንድን ነው?

ጥሬው ጎማ ከዛፍ የሚገኝ ወተት መሳይ ፈሳሽ ነው። ብቻውን ሲሆን በሙቀት ይልማል፣ በብርድ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር አዋህዶ ሲያግለው ጠንካራና ሙቀትም ብርድም የማይበግረው ሆኖ አገኘው። ቤልፋስት በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠራለት፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጎማ ሁሉ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ መንገዱን የሚረግጠው ወፍራም ጎማ ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ ነፋሱን የሚይዘው ቀጭን ከመነዳሪ ነው። ከመነዳሪ የማያስፈልገውን ጎማ የአሜሪካው ጉድሪች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለሕዝብ አስታወቀ።

መቼም የዚህ ሥራ ቋንቋ በአገራችን ከጣሊያን የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ፣ ማስቲሽ፣ ከመነዳሪም ራሱ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ‹ቱብለስ› ግን ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ ከእንግሊዝኛ ገባ። ትርጉሙ ‹ቱቦ አልባ› ማለት ነው።

ታዲያ ከመነዳሪ ከሌለ ነፋሱን የሚይዘው ማን ነው? ራሱ ጎማውና ቸርኬው ናቸው። የጎማው የውስጥ ገጽ ነፋስ በማያሳልፍ ቀጭን ልባስ ተለብጧል። የጎማው ሁለት ጠርዞች ደግሞ ቸርኬውን ጥብቅ አድርገው ነክሰው ይይዛሉ። ነፋሱ በበዛ መጠን ጠርዞቹ ወደ ቸርኬው ይገፋሉ፤ ይበልጥም ይጠብቃሉ። ስለዚህ የጎማው ጥርስ፣ የጎማው ጎን፣ ጠርዙ፣ ቸርኬውና ቫልቩ በአንድነት እንደ አንድ እንስራ ናቸው። አንዱ ቢሰነጠቅ እንስራው ያፈሳል።

በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ሲበሱ ይታያል። ባለ ከመነዳሪውን ሚስማር ሲወጋው ከመነዳሪው ወዲያው ይቀደዳል፤ ነፋሱም በጎማውና በከመነዳሪው መሐል ሾልኮ በቸርኬው ቀዳዳዎች ይወጣል። ጎማው በድንገት ይተኛል፤ ነጂውም መሪው ይሸሽበታል። ቱብለሱን ሚስማር ሲወጋው ግን ወፍራሙ ጎማ ሚስማሩን ዙሪያውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሚስማሩ እንደ ቡሽ ይሆናል። ነፋሱ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ ቱብለስ ጎማ ለሞተር ነጂ ትልቅ በረከት ነው እንላለን።

ነገር ግን ይኸው በረከት መዘዝ አለው። ነፋሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነጂው ልብ አይልም። ጠዋት ጎማው ትንሽ ለስለስ ብሎ ያየዋል፤ ነፋስ ይጨምርና ይሄዳል። በማግሥቱም እንዲሁ። ‹‹አለሁ እያለ ነው እኮ!›› ይላል። እንዲህ ሲል ሳምንት ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎማው በጎደለ ነፋስ እየተንከባለለ ነው። ነፋስ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን ደጋግመን ብናጥፈው ግሎ እንደሚሰበር ሁሉ የጎማው ጎንም ይግላል፤ በውስጡ እንደ ድርና ማግ የተሸመኑት ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። በውጭ በኩል ምንም አይታይም። ጎማው ሲወልቅ ግን በውስጡ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር የጎማ ዱቄት ይገኛል። ያ ዱቄት ጎማው ከውስጥ መፈጨቱን የሚናገር ምስክር ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ቀዳዳው የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን መጣል እንጂ መጠገን የለበትም። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ጎኑ ይፈነዳልና።

ጎማውም ይነበባል

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ሳያነብ የሚያልፍ ብዙ ነው። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ለአንዳንድ አንባቢ አስቸጋሪ ይመስላል። ነገር ግን ፊደሉን የማያውቅ ሰው እንኳ ቆጥሮ ሊለየው ይችላል። ‹ቱብለስ› የሚለው በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ቃል ሆኖ 8 ፊደል አለው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት አንድ ዓይነት ናቸው። ባለ ከመነዳሪው ጎማ ግን ‹ቱብ ታይፕ› ተብሎ በሁለት ቃል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ቃል 4 ፊደል አለው። ይህን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጥገናው የተለያየ ነው። ቸርኬውንም ማየት ጥሩ ነው። በቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች የተወጠረ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከመነዳሪ ያስፈልገዋል፤ ዘንጎቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች ነፋስ ያስወጣሉና። አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ለቱብለስ ነው።

ከዚያ ቁጥሮቹ አሉ። በአንድ የኋላ ጎማ ላይ 100/90-17 ተብሎ ተጽፎ ብናገኝ 100 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 90 የሚለው የጎማው ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 90 እጅ መሆኑን ይናገራል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቀጥሎ 55ና ‹ፒ› የሚባለው የላቲን ፊደል ቢከተሉ፣ 55 ጎማው እስከ 218 ኪሎ የሚሸከም መሆኑን፣ ‹ፒ› ደግሞ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚችል መሆኑን ያሳያሉ። በትንሽ ክብ ወይም ሞላላ ክፈፍ ውስጥ ደግሞ አራት አኃዝ ይገኛል። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ ሰኔ ሲጠባ ነው። ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል። ሚሽሊን የሚባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲለወጥ ይመክራል።

በጎኑ ላይ ቀስትም አለ። ቀስቱ ጎማው ወደ የት እንደሚዞር ያሳያል። ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ ሲመልስ ቀስቱን ካላየ ገልብጦ ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ከመውለቁ በፊት ቀስቱን አይተን እንያዝ።

መንገድ ላይ ሲበሳ

በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሞተሩን ቀስ ብሎ፣ ፍሬን በድንገት ሳይዙ፣ ከመንገድ ማውጣት ነው። የተበሳው የፊቱ ከሆነ የኋላ ፍሬን፣ የኋላው ከሆነ የፊት ፍሬን በዝግታ ይያዛል።

ከዚያ ቀዳዳው ይፈለጋል። ጎማውን እያዞሩ በዓይን ማየት ነው። ሚስማር፣ ጠርሙስ ስባሪ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ በቆላው አገር ደግሞ የግራር እሾህ ይገኛል። እሾህ ከሚስማር ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና አይታይም። ዓይን ካላገኘው ነፋስ ትንሽ ሞልቶ የሳሙና ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ቀዳዳው አረፋ ይነፋል። ሳሙና ከሌለ ምራቅም ይሠራል። ቫልቩንም አፉ ላይ በምራቅ መፈተን አይረሳ። ጎማ ተበሳ ተብሎ ብዙ ከተደከመ በኋላ የሚያፈሰው ቫልቩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ድንጋይ የመታው ቸርኬ ተጣሞ ጠርዙ የሚያፈስበትም ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። ሚስማሩ ሲገኝ ወዲያው አይነቀል! ሰው ሚስማር ሲያይ እጁ ያሳክከዋል፤ ነገር ግን የቀረውን ነፋስ የያዘው ያው ሚስማር ነው። መወተፊያ መሣሪያ ከሌለንና ጎሚስታው ቅርብ ከሆነ ነፋስ ሞልተን፣ ሚስማሩን በቦታው ትተን፣ ብቻችንን በዝግታ መሄድ ይሻላል። የተፈናጠጠውም ሰው ይውረድ፤ ጭነቱም ይውረድ።

መወተፊያ መሣሪያ ያለው ሰው ግን እዚያው ሊወትፈው ይችላል። መሣሪያው ቀላል ነው። አንደኛው እንደ ሞረድ የሻከረ መብሻ ነው። ሁለተኛው ስፌት ሰፊዎች የሚይዙትን ወስፌ ይመስላል፤ ሆኖም ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ዓይን አለው። ሦስተኛው ሙጫ የጠገበ የሚያጣብቅ የጎማ ገመድ ነው። ማስቲሽ፣ ፒንሳና ጎማ መንፊያም ያስፈልጋሉ።

ሚስማሩ በየት በኩል ዘሞ እንደገባ በደንብ ይታያል፤ ቦታውም በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ሚስማሩ በፒንሳ ይነቀላል። የሻከረው መብሻ ሚስማሩ በገባበት አቅጣጫ ገብቶ ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ይህ ቀዳዳውን ያጸዳል፤ ሙጫውም እንዲይዝ ገጹን ያሻክረዋል። ገመዱ በወስፌው ዓይን እስከ እኩሌታው ይገባል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ በኃይል ወደ ቀዳዳው ይገፋል። ሁለቱ ጫፎች የአውራ ጣት ጥፍር ያህል በውጭ ሲቀሩ መግፋት ይቆማል። ወስፌው ሳይጠመዘዝ በአንድ ጊዜ ሳብ ሲደረግ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ጫፉ ይቆረጣል፤ ነገር ግን ከጎማው ጋር እኩል አይላጭም፣ ጥቂት ይተዋል። ነፋስ ይሞላል፤ ምራቅ ወይም ሳሙና ይደረግበታል። አረፋ ካልነፋ ይዟል።

ይህን ሲያደርግ ያየ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ውታፍ ግን ቤት ማድረሻ እንጂ ጥገና አይደለም። ብዙ ነጂዎች ‹‹በውታፍ ብቻ ወራት ነድቼበታለሁ፣ ምንም አልሆነ›› ይላሉ። ሐሰት አይናገሩም፤ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን ውታፉን የያዘው ሙጫና መጨመደድ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውጭ የወተፈ ሰው ውስጡን አላየም። ጥቁሩ ዱቄት ይኑር አይኑር አያውቅም። ሚስማሩ ዘሞ ገብቶ የጎማውን ጎን ከውስጥ ቧጥሮት እንደሆነም አያውቅም። ይህን ሳያውቅ ልጁን ከኋላው አፈናጦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይነዳል።

ጎማን ከውስጥ ይደፍናል ተብሎ በቫልቩ የሚጨመር ፈሳሽም ገበያ ላይ አለ። እሱም ለመንገድ ነው። ፈሳሹ የገባበትን ጎማ ለጎሚስታው መንገር ይገባል፤ ውስጡ ካልታጠበ ልጥፍ አይዝምና።

ጎሚስታ ቤት

ትክክለኛው ጥገና የሚሠራው ጎማው ከቸርኬው ወልቆ፣ ከውስጥ በኩል ነው። ጠርዙን ከቸርኬው ለማላቀቅ በመዶሻ መደብደብ ደግ አይደለም፤ አንድ ወጥ የሆነው ቸርኬ ሊሰነጠቅ፣ የጎማውም ጠርዝ ሊቀደድ ይችላል። ጠርዙ ከተቀደደ ጎማው ቸርኬውን መንከስ አይችልም፤ ሌላ ጎማ መግዛት ይመጣል።

ጎማው ሲወልቅ ጎሚስታው መጀመሪያ እጁን ሳይሆን ዓይኑን ወደ ውስጥ ይላክ። እጁን ቢልክ ሌላ ሚስማር ይወጋዋል። ዱቄት፣ ስንጥቅ፣ እብጠት፣ የወጣ ክር መኖር አለመኖሩን ይይ። ይህን ምርመራ ነጂውም አብሮ ቢያይ መልካም ነው። ጎማው የእሱ ነው፣ ሕይወቱም የእሱ ነው።

ጎማው ደህና ከሆነ ጥገናው ይጀመራል። የተሻለው ልጥፍ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ነው። ግንዱ ቀዳዳውን ይሞላል፤ ባርኔጣው ከውስጥ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ግንዱ በቀዳዳው ውሃና አሸዋ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ባርኔጣው ነፋሱን ይይዛል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጦ ከውስጥ መለጠፍ ቀዳዳውን ክፍት ይተወዋል፤ በዚያ የገባ ውሃ የጎማውን ሽመና ይበላል።

በዚህ ሥራ የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። ልጥፉ የሚያርፍበት ስፍራ ሻካራ እስኪሆን በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ክሩ እስኪወጣ ግን አይፋቅም። ዱቄቱ በንጹሕ ብሩሽ ይጠረጋል። በቤንዚን መጥረግ ልማድ ሆኗል፤ ቤንዚን ግን ጎማን ያሳብጣል፣ ዘይትም ይተዋል። ከዚያ ማስቲሹ በስሱ ይቀባል። አሁን መጠበቅ ነው። ማስቲሹ ርጥብ ሳለ የተለጠፈ ልጥፍ አይዝም፤ በውስጡ የታፈነው ጋዝ በሙቀት ተነፍቶ ያስለቅቀዋል። ነጂው ‹‹ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ›› ይላል፤ ጎሚስታውም በአፉ እፍ ይልበታል። እፍታው እርጥበት ስለሚጨምር ጥቅም የለውም። በጣት ጀርባ ነካ ሲያደርጉት ሳይነሳ መያዝ ብቻ ሲጀምር ደርሷል። ግንዱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሳባል። ባርኔጣው ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር በትንሽ መንኰራኩር በኃይል ይዳመጣል፤ ነፋስ ከሥሩ እንዳይቀር ነው። የተረፈው ግንድ ከውጭ ይቆረጣል። ማስቲሽ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው።

ጎማው ወደ ቸርኬው ሲመለስ ጠርዙ በሳሙና ውሃ ይቀባል። ብዙ ፋብሪካዎች ጎማው ቀላል የሆነበትን ስፍራ በቀለም ነጥብ ያመለክታሉ፤ ነጥቡ ከቫልቩ ጎን ይደረጋል። ነፋስ ሲሞላ ጠርዙ ጧ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ደንሎፕ ጠርዙን ለማስያዝ ነፋሱ ከ40 ፒኤስአይ በላይ እንዳይሞላ ያስጠነቅቃል። በዚህ ልክ አልይዝ ካለ ነፋሱን አስወጥቶ፣ እንደገና ሳሙና ቀብቶ መሞከር ነው። አንዳንዶች ቤንዚን ረጭተው ክብሪት በመለኮስ ጠርዙን ያስይዙታል። ይህ ጎማውን ይጎዳል፤ ሰውንም ይገድላል። እንዲህ ካለ ሥራ አጠገብ መቆም እንኳ አይገባም።

የማይጠገነው

በጎሚስታ ቤት ደጅ እንዲህ ያለ ንግግር ዘወትር ይሰማል።

‹‹ጋሼ፣ እባክዎ ቶሎ ይወትፉልኝ። ገበያ ሳይበተን መድረስ አለብኝ።››

‹‹ልጄ፣ ይሄ እኮ ጎኑ ላይ ነው የተበሳው። አይወተፍም።››

‹‹ቀዳዳው እኮ መርፌ አያሾልክም! ባለፈው አንዱ ጎሚስታ እንዲህ ያለውን ወትፎልኝ ነበር።››

‹‹የወተፈልህ ከኋላህ ተፈናጦ አብሮህ ይሄዳል?››

ጎሚስታው ልክ ነው። የጎማ ጎን በዞረ ቁጥር ይታጠፋል። በሚታጠፍ ስፍራ ላይ ውታፍም ልጥፍም አይቆይም። የሚጠገነው መንገዱን የሚረግጠው የጎማው መካከል ነው። ሞተር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስለሚጋደም ጥርሱ ወደ ጎን የሚያልቅበት ትከሻም አደገኛ ስፍራ ነው።

መጠኑም ወሰን አለው። ደንሎፕ ለሞተር ጎማ ባወጣው መመሪያ የሚጠገነው ቀዳዳ ቢበዛ ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያም ቢሆን ጎማው ወልቆ፣ ከውስጥ፣ በግንድና በልጥፍ ብቻ። ከዚያ የሰፋ ቀዳዳ ክሮቹን ቆርጧል። ጥርሱ ያለቀ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ፣ ጥቁር ዱቄት የተገኘበት፣ ሁለት ቀዳዳው ጎን ለጎን የሆነ ጎማም አይጠገንም።

ይህ ቃል ለብዙ ነጂ መራር ነው። አዲስ ጎማ ውድ ነው፤ በሞተር ሠርቶ ለሚያድር ሰው የብዙ ቀን ገቢ ይበላል። ስለዚህ ብዙዎች አንድ መላ ያደርጋሉ፤ በተጎዳው ቱብለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ያስገቡበታል። ይህን ልማድ ጨርሶ አናወግዝም፤ ጎሚስታ ርቆ፣ ልጥፍ ጠፍቶ፣ መንገደኛ ሜዳ ላይ ሲቀር መላ ነው። ነገር ግን መካከሉ በትንሽ ቀዳዳ ለተበሳ ጎማ ብቻ ይሁን። ቀዳዳው መጀመሪያ ከውስጥ ይለጠፍ፤ አለዚያ አሸዋ ገብቶ ከመነዳሪውን ይፈገፍገዋል። ልኩ ከጎማው ጋር አንድ ይሁን። ከመነዳሪና ጎማ እየተፋተጉ ስለሚግሉም ፍጥነት ይቀነስ። ከሁሉ በላይ ግን ጎማው አሁን ባለ ከመነዳሪ ስለሆነ ሲበሳ በድንገት እንደሚተኛ ነጂው ይወቅ። ጎኑ የተቀደደውን ጎማ ግን ከመነዳሪ አያድነውም። በቅዳዱ አብጦ ይወጣና ይፈነዳል።

ከጥገና በኋላ

የተጠገነ ጎማ እንደ አዲስ አይደለም። ደንሎፕ ከጥገና በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያም በኋላ መቼም ቢሆን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳበት ይላል። ለብዙዎቻችን ሞተር ሁለተኛው ቁጥር ሩቅ ነው፤ የመጀመሪያው ግን በሜዳው መንገድ ላይ በየቀኑ የሚደረስበት ነው።

የነፋሱ ልክ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለብቻ ሲነዳ፣ ሁለተኛው ሰው ሲፈናጠጥ ነው። መለኪያው በፒኤስአይ ወይም በባር ሊሆን ይችላል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ ስለዚህ 2 ባር 29 ፒኤስአይ ይሆናል። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ነው። የጋለ ጎማ ነፋሱ ስለሚነፋ ከልኩ በላይ ያሳያል። በጣት መጫንና በእግር መርገጥ ልኬት አይደለም።

መለኪያ ያለው ሰው ትንሽ ደብተር ይያዝ። ቀኑን፣ የፊቱንና የኋላውን ጎማ ልክ ይጻፍበት። ዓይን የማያየውን ጉድለት ደብተሩ ያሳየዋል። በወር አንድና ሁለት ፒኤስአይ ቢጎድል የጎማ ጠባይ ነው። በሳምንት ያን ያህል ከጎደለ ግን ሚስማር፣ ቫልቭ ወይም ቸርኬ ነውና ይፈለግ።

መልመጃ

አንድ ነጂ የኋላውን ጎማ እየለካ ሰኞ 32፣ ረቡዕ 29፣ ዓርብ 26 ፒኤስአይ ብሎ ጻፈ። ነፋስ አልጨመረበትም። በቀን ስንት ፒኤስአይ ጎደለ? በዚሁ ከቀጠለ 20 የሚደርሰው በየትኛው ቀን ነው? ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሁለት ጆንያ ጤፍ መጫን ይፈልጋል። ዓርብ ማታ ምን ማድረግ አለበት? መልሳችሁን በደብተር ጽፋችሁ ተወያዩበት። በመንደራችሁ ሞተር ካለ የጎማውን ጎን አንብቡ፤ ቱብለስ ነው ወይስ ባለ ከመነዳሪ? በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?